የመስኡዳ ጠመንጃ መፍቻ

ፍርሃት ቤት ሲሠራ ጭቃ አያስቦካም፣
ደረት ላይ ይገባል በሩን አያንኳኳም።

በጥቅምት 2014 ሐይቅ ከተማ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ከውጫሌ በኩል የሚመጣው ሰው መጀመሪያ በመኪና ነበር፤ ቀጥሎ በባጃጅ፣ ቀጥሎ በጋሪ፣ በመጨረሻ በእግሩ። ፍራሽ የተሸከመ አባት፣ ዶሮ በብብቷ የያዘች እናት፣ በደብተር ቦርሳው በሶ የሞላ ጎረምሳ፤ ሁሉም አስፋልቱን ይዘው ወደ ደሴ ያልፋሉ። ከየት ነው የመጣችሁት ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ጫማቸው ላይ ያለው የአምባሰል አፈር ይናገራል። ከኋላቸው፣ ከተራራው ማዶ፣ አልፎ አልፎ አንድ ነገር ጉም ይላል። ነጎድጓድ ነው እንዳይባል ሰማዩ ጠርቷል።

ከእነዚያ እግረኞች አንዷ ሴት፣ ልጇን በጀርባዋ አዝላ፣ ለራሷ ይሁን ለልጇ ሳይታወቅ እንዲህ እያለች አለፈች፦

ውጫሌ ላይ ጮኸ ሐይቅ ላይ አስተጋባ፣
እኔስ የፈራሁት ደሴ እንዳይገባ።

መስኡዳ ሰዒድ የቪዲዮ ቤቷ በር ላይ ቆማ ይህን ሰማች። ዜማው ጣማት። ወሎ ሲፈራም ያንጎራጉራል። ገብታ ኮምፒውተሯን ዳበሰችው፤ ሰው የታመመ ልጁን ግንባር እንደሚነካ።

መስኡዳ ያን ጊዜ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ከዚያ ውስጥ ስድስቱን ሪያድ፣ በሰው ቤት፣ የሰው ልብስ እየተኮሰች አሳልፋዋለች። የሠራችበት ቤት አሮጌ ስለነበር ግድግዳው ላይ ሁለት ዓይነት ሶኬት ነበረው፤ አንዱ መቶ አስር ቮልት፣ ሌላው ሁለት መቶ ሃያ። በሄደች በሦስተኛው ቀን የማዳሟን ጸጉር ማድረቂያ ተሳስታ በትልቁ ሶኬት ሰካችውና ጭስ በጭስ አደረገችው። ማዳሟ አልጮኸችባትም። ሶኬቱ ፊት አቁማ እንደ ቁርአን ልጅ ሁለቱን ቁጥር በአረብኛ አስቀራቻት፤ «ሚያ ወዐሸራ… ሚተይን ወዒሽሪን…» መስኡዳ ቁጥሮቹን ከአገሯ ስም እኩል ታውቃቸው ነበር። ይህን ያዙልኝ።

የተመለሰችው በ2010፣ አገር ተለወጠ፣ ሰው ተደመረ፣ የታሰረ ተፈታ በተባለበት ጊዜ ነው። በላቧ ባመጣችው ከደሴ አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዛች። ሆዱ ሰፊ፣ ድምፁ ሻካራ፣ ሲነሣ የሚያቃስት ነበርና «ሽማግሌው» አለችው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የአይሲቲ መምህር ፈንታሁን ከትምህርት ሰዓት ውጭ እየመጣ ኤዲቲንግ አስተማራት። ከዚያ ወዲያ በሐይቅና በዙሪያዋ ሠርግ ሲሠረግ ካሜራማኑ ይቀርጻል፣ መስኡዳ ትሰፋዋለች። የለቅሶውን ትቆርጣለች፣ የሳቁን ታስረዝማለች። የሰው ደስታ በእጇ ያልፍ ነበር፤ የራሷ ሠርግ ባይኖርም።

ካሜራው ግን አደገ፤ ሽማግሌው አላደገም። ከደሴ የሚመጡት ካሜራማኖች ፎር ኬ የሚሉት ቀረጻ ይዘው መምጣት ጀመሩ። ፋይሉን ስትከፍተው ሽማግሌው አንዴ ያቃስታል፣ ቀጥ ይላል፣ በቃ። ምስልም የለ፣ ድምፅም የለ።

በዚህ መሃል ነው የሱንዱስ ሠርግ የመጣው።

ሱንዱስ የሐይቅ ልጅ ናት። ያገባት ዑበይዱላህ ከአርዲቦ ሐይቅ ዳር የመጣ ልጅ፣ የውሃ ሞተር ጠጋኝ፣ ቀልደኛ። በሰኔ 2013 ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ሲደርስ የሙሽሪት ወገን እንደ ደንቡ በሩን ዘግቶ አንገላታቸው። ደንቡ ሚዜዎቹ እየዘፈኑ እንዲለምኑ፣ ሙሽራው ዝም እንዲል ነው። ዑበይዱላህ ግን ሚዜዎቹን በክንዱ ገፋ አድርጎ በአምባሰል ቅኝት ሁለት መስመር ለቀቀው። ግቢው በሳቅ ተናጋ። ሱንዱስ እልፍኝ ውስጥ ተሸፋፍና ተቀምጣ የሰማችው ሳቁን ብቻ ነው።

«ምን ብለህ ነው?» አለችው ማታውኑ።

«ቪዲዮው ሲደርስ ትሰሚዋለሽ።»

ሊያስቃት ፈልጎ ጨዋታውን አከረረው። ለእናቱ፣ ለእናቷ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ፣ «ቪዲዮው እስኪደርስ እንዳትነግሯት፣ አደራ!» አለ። ሰው እየሳቀ አደራውን ተቀበለ። በነሐሴ ዑበይዱላህ ከሚዜዎቹ ጋር ወደ ግንባር ሄደ። ከመስከረም ጀምሮ ስልኩ አይጠራም።

እንግዲህ እዩት፤ በሳቅ የተሰጠች አደራ ምን እንደሆነች። ሱንዱስ አማቷን እማማ አሲያን ለመነቻት፤ «እማማ፣ ምን ነበር ያለው? ንገሪኝ በአላህ።»

«አደራ ብሎኛል ልጄ» አለች አሲያ። «አደራውን የበላሁ ለት ልጄን በአፌ ቀበርኩት ማለት ነው።»

የሱንዱስ እናትም እንደዚያው። ጎረቤቱም እንደዚያው። አንድም ሰው አልተነፈሰም። ሰው ሁሉ ያቺን ግጥም ከነገራት፣ ባሏ አይመለስም ብሎ የፈረመ መሰለው። ካሜራማኑ ደግሞ ፋይሉን ለመስኡዳ ሰጥቶ ሚሞሪውን አጥፍቶ ሌላ ሠርግ ቀርጾበታል። ስለዚህ የዑበይዱላህ ድምፅ በዓለም ላይ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በሽማግሌው ሆድ፣ አንድ ሀርድ ዲስክ ውስጥ። ሽማግሌው ደግሞ ሊከፍተው አይችልም።

መምህር ፈንታሁን አይቶት ነበር። «ይሄ ምስሉን የሚያንቀሳቅስለት ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል» አላት። «ካርዱ ብቻም አይበቃው። ካርድ ኤሌክትሪክ ይበላል። የውስጡ ፓወር ሰፕላይ፣ ኃይል ሰጪው፣ አቅም የለውም። ይህ በሬ ለብቻው ማረስ አቅቶታል፣ አንቺ ሌላ ቀንበር ልትጭኝበት ነው። ሁለቱንም አስመጪ።»

እህቷ ኑርሀያት ጅዳ ናት። የአሠሪዋ ልጅ ጌም ተጫዋች ነው፤ አዲስ ኮምፒውተር ስለገዛ የአሮጌውን ዕቃ ለመነችው። በድምፅ መልእክት እየሳቀች ላከች፦ «መስዬ፣ ካርዱንም ፓወር ሰፕላዩንም ሰጠኝ። ሁለቱም ሲሠሩ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከነነፍሳቸው ናቸው። በሀሚዱ ልኬልሻለሁ። አብሽሪ!»

የሰፈራቸው ልጅ ሀሚዱ ከሳዑዲ ከተመለሱት ጋር ተመልሶ በጥቅምት መጀመሪያ ሐይቅ ገባ። ዕቃውን በሕፃን ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠና ግንባሩን ጠረገ።

«ወላሂ መስኡዳ፣ አምስት ኬላ ላይ አምስት ጊዜ ሞቼ ነው ያመጣሁት። ለእህትሽ ንገሪያት፣ ማራገቢያ ያለው ነገር ለሰው አታሸክሚ በያት። ድሮን ነው አሉኝ! የሠርግ ነው ብል ማን ይመነኝ?»

ካርዱን ገልጣ አየችው። ጥቁር፣ ባለ ሁለት ማራገቢያ፣ እንደ ጉጉት ዓይን የሚያፈጥ ነገር። ለእሷ አዲስ ነው። ደስ አላት፤ ደስታዋ ራሱ ግን ፈራ ተባ ይል ነበር።

ከዚያ ጉምታው ቀረበ።

ነገሩ በሆነበት ቀን ጠዋት ፈንታሁን ሚስቱንና ልጆቹን አይሱዙ ላይ ሲጭን መስኡዳ ሮጣ ደረሰችበት።

«መምህር፣ ዛሬ እንሠራዋለን ብለኸኝ ነበር እኮ!»

«እነዚህን ደሴ አድርሼ ነገ እመለሳለሁ። ዕቃውን ከፈለግሽ አውጪ፣ አጽጂ። እኔ ሳልመጣ ግን እንዳታበሪው። እሺ?»

«እሺ።»

«እሺሽን አላመንኩትም» አለ መኪናው ላይ እየወጣ።

ለሁለት ቀን ጠፍቶ የነበረው መብራት በዚያ ጠዋት መጣ። መስኡዳ አምፖሉን አየችው፤ አምፖሉም እሷን። ነገ ይኖራል? ነገ ፈንታሁን ይመለሳል? ነገ ሐይቅ አለች? እኩለ ቀን ላይ ሱንዱስ መጣች፤ ነጠላዋ ተንሸራቶ፣ ዓይኗ ቀልቶ።

«እትዬ መስኡዳ፣ እማማ ቤቴን ለቅቄ አልሄድም ብላለች። ልጄ ሲመጣ ባዶ ቤት አያገኝም ትላለች። እኔም ካለሷ አልሄድም። ዛሬ ካልሰማሁት መች ልሰማው ነው?»

መስኡዳ ከመሳቢያው ጠመንጃ መፍቻውን አወጣች።

ብሎን መፍቻን ጠመንጃ መፍቻ ያለው ማን እንደሆነ አላውቅም። አባቶቻችን መጀመሪያ ያዩት ብሎን ጠመንጃ ላይ ኖሮ ይሆናል። በደህናው ቀን ማንም ቃሉን አይሰማውም፤ ምላስ ላይ ያልፋል። በዚያ ሰሞን ግን ቃል ሁሉ ጥርስ አውጥቶ ነበር።

ጎን ለጎን ያለው ልብስ ሰፊ ጋሽ አሻግሬ፣ ሜትር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ በበሩ ብቅ አለ። የሰው ልብስ ጥዬ አልሄድም ብሎ የቀረ ሰው ነው።

«ጠመንጃ መፍቻ ይዘሽ ነው የምትጠብቂያቸው? ጠመንጃቸውን ፈታትተሽ ልትመልሻቸው?»

«ጋሽ አሻግሬ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው፣ አታስቀኝ።»

«እኔስ እጄ ተንቀጥቅጦ አይደል የሰው ሱሪ አንድ እግሩን አሳጥሬ የሰፋሁት! ይብላኝ ለባለቤቱ።» ተመልሶ ወደ ስፌት መኪናው ሄደ።

የሽማግሌውን ጎን ከፈተች። የአራት ዓመት አቧራ፣ የሠርግ አቧራ፣ ወጣ። በስተጀርባ ያሉትን አራት ብሎኖች ፈትታ አሮጌውን ፓወር ሰፕላይ መዝዛ አወጣች፤ ቀላል ነበር፣ እንደ ባዶ ቅል። የጅዳውን በቦታው አስገባች። ካርዱ ግን አልገባ አለ። ረዝሟል፤ አፍንጫው ሀርድ ዲስኩ ያለበትን ቤት ይገፋል። ሱንዱስ ካርዱን በሁለት መዳፏ እንደ አራስ ልጅ ይዛ ቆመች። መስኡዳ የዲስኩን ብሎኖች ፈታች፣ ዝቅ አደረገችው፣ በታጠፈ ጨርቅ ላይ አስተኛችው። ያን ጊዜ ካርዱ ጠቅ ብሎ ገባ። ባለ ስድስት እግሩን ገመድ ከፓወር ሰፕላዩ አምጥታ ሰካችበት። ዲስኩንም ሰካች።

ከተራራው በኩል ጉም አለ። ሁለቱም አንገታቸውን ሰበቁ።

«ዱዓ አናድርግ?» አለች ሱንዱስ።

እጃቸውን ዘረጉ። «ያ ረቢ፣ ለሽማግሌው ጉልበት ስጠው፤ የሰጠኸውንም አትውሰድበት» አለች መስኡዳ። «አሚን» አለች ሱንዱስ። «አሚን!» አለ ጋሽ አሻግሬ ከግድግዳው ማዶ።

መስኡዳ ገመዱን ግድግዳው ላይ ሰካችው። ቢስሚላህ ብላ ማብሪያውን ተጫነች።

ቧ!

ሰማያዊ ብልጭታ፣ ከዚያ ጭስ፣ ከዚያ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ። መንገዱ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ዝም አለ። ቀጥሎ አንዲት ሴት «ገቡ!» ብላ ጮኸች። ያቺ አንዲት ቃል ከመነኻሪያው እስከ ገበያው በሰው አፍ ሮጠች። ሱቆች ቆርቆሮ በራቸውን ጠረቀሙ። ጋሪ ተገለበጠ፣ ሽንኩርት አስፋልቱ ላይ ተበተነ፤ የጋሪው ባለቤት ሽንኩርቱን ትቶ አህያውን ፈትቶ ሮጠ። ጋሽ አሻግሬ በመስኮት ሲያልፍ ታየ፤ ሜትሩ አንገቱ ላይ፣ አንድ እግሩ ያጠረው ሱሪ በእጁ። ጠዋት እኔ ከዚህ ንቅንቅ አልልም ሲል የነበረው ሰፈር ሁሉ ከቤቱ ፈሰሰ።

መስኡዳ ግን መንገዱን አላየችም። ሽማግሌውን አዙራ ጀርባውን እያየች ነበር። ፓወር ሰፕላዩ ላይ፣ ገመዱ ከሚሰካበት አጠገብ፣ ጥፍር የምታህል ቀይ ምላስ፣ የቮልቱ መምረጫ፣ አለች። በምላሷ ላይ የተጻፈው ቁጥር መቶ አስራ አምስት ነው። ወደ ጎን ብትገፋ ሁለት መቶ ሠላሳ ይሆን ነበር። ኑርሀያት ያለችበት ቤትም አሮጌ ነው፤ ዕቃው ሲሠራ የነበረው በትንሹ ሶኬት ነው። ሐይቅ ግን ሁለት ዓይነት ሶኬት የላትም፤ ያላት ሁለት መቶ ሃያው ብቻ ነው። ሚያ ወዐሸራ… ሚተይን ወዒሽሪን…

ስድስት ዓመት የቆመችበትን ትምህርት በአንድ ቀን ፍርሃት ረሳችው።

«ዲስኩስ?» አለች ሱንዱስ።

«አላውቅም።»

በሩ በእግር ተበረገደ። ሁለት የአካባቢው ጥበቃዎች ነበሩ፤ መሣሪያቸውን ደግነው፣ ከተደገነባቸው እኩል እየተንቀጠቀጡ።

«ማነው የተኮሰው?»

«ማንም አልተኮሰም ወንድሜ» አለች መስኡዳ።

«በእጅሽ ያለው ምንድን ነው? ወደዚያ ጣይው!»

መስኡዳ እጇን አየች። «ጠመንጃ… ጠመንጃ መፍ…»

«ጠመንጃ አለች!» ጮኸ ሁለተኛው። «የት ነው ጠመንጃው?»

«መፍቻ! መፍቻ ነው ያለችው! ጠመንጃ መፍቻ!» ሱንዱስ መሃላቸው ገባች። «ይኸው እየው፣ ብሎን ነው የምትፈታው!»

መስኡዳ ጠመንጃ መፍቻውን ጣለችው። ወለሉ ላይ ሲንቃጨል አራቱም ደነገጡ። የመጀመሪያው ጥበቃ ጎንበስ ብሎ ወደ ተከፈተው ሳጥን አየ፤ ባለ ሁለት ዓይኑ ካርድ አፍጥጦበታል።

«ይህስ? የድሮን አይደለም?»

«የኮምፒውተር ነው። ፓወሩ ነው የፈነዳው። አሽትተው።»

«ዕቃው ሙሉ ይወሰዳል። ይመረመራል።»

ከተወሰደ በዚህ ግርግር ማን ይመልሰዋል? መስኡዳ ልትለምነው አፏን ስትከፍት ሱንዱስ ቀደመቻት። ድምፅዋ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር።

«እዚያ ውስጥ ያለው የኔ ሠርግ ነው። ባሌ ነው። ግንባር ነው ያለው።»

«የት ግንባር?»

«ባውቅማ።»

የመጀመሪያው ጥበቃ አፈሙዙን ዝቅ አደረገ። ከአገጩ ላይ ጥቂት ጸጉር የወጣለት፣ ምናልባት ሃያ ዓመት የሚሆነው ነው። ወደ ጓደኛው ዞረ፤ ጓደኛው መንገዱን እያየ ነው። «የኔም ወንድም» አለና ቀሪውን ዋጠው። «የሠርጉን ነገር ብቻ ይዛችሁ ውጡ። ቶሎ! ከተማው እየወጣ ነው።»

መስኡዳ ዲስኩን መዘዘችው። ብሎን አልነበረውም፤ ከጨርቁ ላይ እንደ ዳቦ ተነሣ። በሻሿ ጠቅልላ በደረቷ ከተተችው። ካርዱን ለመንቀል እጇ ሄደ፣ ተመለሰ። ሽማግሌውን ሆዱን እንደተከፈተ ትታው ወጣች።

ሱንዱስ ወደ አማቷ ቤት ስትሮጥ እማማ አሲያ መንገድ ላይ ተገናኘቻት፤ ሰሌኗን ጠቅልላ፣ የበሩን ቁልፍ አንገቷ ላይ አስራ።

«ሰማሁት» አለች አሲያ። «ጎረቤታችን ድረስ መጥተው ተኮሱ። አሁንስ ልሂድ፤ ልጄ ሲመጣ ሬሳዬን አያንሣ።»

በሦስተኛው ቀን እውነተኛው ጥይት ሐይቅ ደረሰ። ብዙ ሰው የዚያን ዕለት ያተረፈን የመስኡዳ ድንጋጤ ነው ይላል። እሷ ግን እንደዚያ ተጽናንታ አታውቅም። በዚያ ሩጫ አንዲት ሴት ከጋሪ ወድቃ ክንዷ ተሰብሯል፤ መስኡዳ ደሴ ላይ ክንዷን በጨርቅ አንጠልጥላ አየቻት፣ አንገቷን ደፍታ አለፈች።

ደሴም አልበቃ አለች፤ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ ደብረ ብርሃን። ሦስቱ ሴቶች በአንድ ትምህርት ቤት ክፍል፣ በአንድ ሰሌን ላይ ከረሙ። ዲስኩ ከመስኡዳ ደረት አልወጣም። ስትተኛ ትታቀፈዋለች፣ ስትሰግድ ከፊቷ ታስቀምጠዋለች። ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት አንድ ኮምፒውተር ቤት ነበር። አራት ቀን በሩ ድረስ ሄደች፤ አራቱንም ቀን ተመለሰች። ያ ፍንዳታ ዲስኩንም አቃጥሎት ከሆነስ? ሳይሰካ እስካለ ድረስ ዑበይዱላህ እዚያ ውስጥ በር ላይ ቆሞ ሊዘፍን አፉን ከፍቷል። ከተሰካና ዝም ካለ ግን የገደለችው እሷ ናት።

ሱንዱስ አንድም ቀን አልጠየቀቻትም። አልፎ አልፎ ብቻ የመስኡዳን ደረት ታያለች። ያ አስተያየት ከጥያቄ ይከብድ ነበር።

በታኅሣሥ ተመለሱ። የመስኡዳ ቤት በሩ ተገንጥሏል። ሽማግሌው የለም፣ ባለ ሁለት ዓይኑ ካርድ የለም፣ ወንበሩም የለም። የተቃጠለው ፓወር ሰፕላይ ብቻ ደጁ ላይ፣ ቦዩ ውስጥ፣ ተጥሏል፤ የወሰደው ሰው ፈትቶ፣ አሽትቶ፣ ወርውሮታል። ቀይ ምላሷ አሁንም መቶ አስራ አምስት ላይ ናት።

ጋሽ አሻግሬ ከነሱሪው ተመልሷል። ደብረ ብርሃን ድረስ ይዞት ሄዶ ነበር። «ባለቤቱን አገኘሁት» አለ። «አንተ አንዱን እግር አሳጥረኸዋል አለኝ። መስኡዳ የተኮሰች ለት የተሰፋ ነው አልኩት፣ እንዳጠረ ለብሶት ሄደ።»

ያ ስም ቀረ። ሐይቅ ላይ ዛሬም ሰው «መስኡዳ የተኮሰች ለት» ብሎ ቀን ይቆጥራል። ሲስቁ አብራ ትስቃለች። ማታ ግን በር ሲጋጭ የምትነሣው እሷ ናት።

ፈንታሁን የተዋሰውን ላፕቶፕ ይዞ በተመለሰ ሳምንት፣ ከአሱር ሶላት በኋላ፣ እማማ አሲያ ቤት ተሰበሰቡ። መስኡዳ ዲስኩን ከደረቷ አወጣችና ከመስጠቷ በፊት ሁሉንም ነገረችው፤ ቀይዋን ምላስ፣ ሶኬቱን፣ ሚያ ወዐሸራን። ከአርባ ቀን በላይ ለማንም ያልተናገረችውን።

«እኔ ሳልመጣ እንዳታበሪው ብዬሽ ነበር» አለ ፈንታሁን። አልተቆጣም። «እንዲህ ያለ ፓወር መጀመሪያ የሚገድለው ራሱን ነው። ብዙ ጊዜ ሌላውን ያተርፋል።»

«ብዙ ጊዜ?»

«አንዳንዴ ይዞ ይሞታል።»

ዲስኩን በማገናኛ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አያያዘው። የላፕቶፑን ባትሪ መሙያ ግድግዳው ላይ ሊሰካ ሲል መስኡዳ እጁን ያዘችው፤ ባትሪ መሙያውን ገልብጣ፣ አዙራ፣ በጣቷ ዳበሰችው።

«ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ቀይ ምላስ።»

«የለውም መስኡዳ። እመኚኝ።»

ሰካው። ምንም። መስኡዳ ዓይኗን ጨፈነች። እማማ አሲያ የሙስበሃ ዶቃዋን መቁጠር አቆመች። ከዚያ ከዲስኩ ውስጥ፣ ከሩቅ እንደሚመጣ የንብ መንጋ፣ ቀጭን እዝ የሚል ድምፅ ተነሣ፤ ከፍ አለ፣ ረጋ አለ። መስኡዳ ያን ድምፅ ታውቀዋለች። አራት ዓመት ስትሠራ ከስሩ አንጎራጉራለታለች፤ የአምባሰል መነሻ ነው ትል ነበር።

ፈንታሁን ፋይሉን ከፈተው። የሱንዱስ እናት ግቢ መጣ፣ የተዘጋው በር መጣ፣ ሚዜዎቹ መጡ። ዑበይዱላህ በክንዱ ገፋ አድርጎ ወደ ፊት ወጣ፣ አፉን ከፈተ፤ ምስሉም እዚያው ላይ ቀጥ አለ። ሱንዱስ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ድምፁ ግን አልቆመም። ከቆመው አፍ ውስጥ እየወጣ ሄደ፦

የአርዲቦ ዓሣ ነኝ ከውሃ የወጣሁ፣
ሐይቃችሁ ክተቱኝ ደጃችሁ መጣሁ።

ሁለተኛውን መስመር እማማ አሲያ አብራው አለችው፤ ቃል በቃል፣ በዚያው ዜማ። ጨርሳም «ይኸው ሰማሽ» አለች። «አደራዬን አወረድኩ። ልጄን አልበላሁትም።»

በላፕቶፑ ውስጥ ግቢው በሳቅ ተናጋ። ሱንዱስም ያን ጊዜ ያመለጣትን ሳቅ ሳቀች። «ዓሣ! ዓሣ ነኝ ነው ያለው? ይሄን ነው ስድስት ወር የደበቃችሁኝ?» እየሳቀች እንባዋ አገጯ ላይ ደረሰ።

ፈንታሁን ቁልፎቹን ይነካካል። «ምስሉ አቅም አንሶት ነው። ካርድ ቢኖረው ኖሮ…»

«ተወው መምህር» አለች ሱንዱስ፤ ከቆመው ፊት ላይ ዓይኗን ሳታነሣ። «ሲመጣ ራሱ ይንቀሳቀሳል።»

በዚህ ጊዜ ከውጭ ቧ የሚል ድምፅ መጣ። አራቱም ጎንበስ አሉ፤ መስኡዳ በሙሉ ሰውነቷ ዲስኩ ላይ ተደፋችበት።

«እኔ ነኝ!» ጮኸ ጋሽ አሻግሬ ከደጅ። «በሩ ነው፣ ንፋስ ወስዶት ነው! አትሩጡ!»

ማንም አልሮጠም። መስኡዳ ግን ወዲያው አልተነሣችም። ዲስኩ ከደረቷ ስር ሞቆ ነበር፤ እዝ ይላል። ቀና ስትል ፈንታሁንን የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ሌላ ባዶ ዲስክ አለህ? አሁኑኑ እንገልብጠው። አንድ ቦታ ብቻ መሆኑን ከእንግዲህ አልችለውም።»